አዲሱ ቅባት

የውበት ሳሎናችን ባለቤት እትዬ ሩቂያ የፊት ክሬም በጣታቸው እየዛቁ ይቀባሉ። ስንት ጊዜ «በማንኪያ ይውጣ፤ ጀርም ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ይተላለፋል» ብያቸው፣ «ቅቤ በማንኪያ ሲቀባ አይተሽ ታውቂያለሽ፣ የኔ ዶክተር?» እያሉ ደንበኛ ፊት ያስቁብኛል።

ትናንት ደንበኛችን ሲፈን ጉንጯ መግል ቋጥሮ መጣች። ሠርጓ እሑድ ነው። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ የተነካካውን ክሬም ጣልኩና ከፋርማሲ አዲስ የቁስል ቅባት አመጣሁ።

ሲፈን አልጋው ላይ ተጋድማ ዓይኗን ጨፈነች። መስኮቱ ጋ ቆሜ፣ እትዬ ሩቂያ አጠገቤ እያዩ፣ ጓንት አጥልቄ የቅባቱን ያልተከፈተ ማሸጊያ ላጥሁት።

ቅባቱ ላይ በሦስት ጣት የተዛቀ ጎድጓዳ ነበረ።

«ወላሂ አልነካሁትም!» አሉ።

ማናችንም ሳንንቀሳቀስ ሲፈን ከኋላችን ተነፈሰች።

«እጅሽ እንዴት ይቀዘቅዛል!» አለች። «ቀስ ብለሽ ቀቢኝ፣ ያመኛል።»