የገለባው በርሜል

ገለባ! አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማረች ኬሚስት የቡና ገለባ አክስላ በርሜል ሙሉ ጠቀጠቀችና፣ «የቆዳ ፋብሪካችንን ፍሳሽ ያጣራል» ብላ ቢሮዬ ድረስ መጣች።

«አንቺ ልጅ፣ አትቀልጂብኝ። እኔ እዚህ ሥራ አስኪያጅ የሆንኩት ከሰል ላከስል አይደለም» አልኳት።

«ቆዳ የምናለፋበትን የክሮም መርዝ ይይዘዋል፣ ጋሼ። ካላመኑኝ ያስመርምሩት» አለች ትርሲት፣ ፍንክች ሳትል።

ከበርሜሉ የወጣውን ውሃ በሁለት ጠርሙስ ቀዳች። አንዱን ወደተማረችበት ዩኒቨርሲቲ ላከችው። ሌላውን ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እንድልከው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣልኝ ወጣች። እኔ ደግሞ በእሷ ገለባ ፋብሪካ አላዘጋም! ጠርሙሱን ደፋሁና ከቢሮዬ ቧንቧ ኩልል ያለ ውሃ ሞልቼ ላክሁት። ውሃችን ከግቢያችን ጉድጓድ የሚሳብ ነው፤ የከተማው ቧንቧ እንኳ እንደሱ አይጠራም።

ከሳምንት በኋላ ሁለቱም ውጤቶች ደረሱ። ትርሲት አጠገቤ ቆማ የመጀመሪያውን ወረቀት አነበበች።

«የዩኒቨርሲቲው ንጹሕ ነው ይላል። አላልኩዎትም?»

ጥርሴን ነከስኩ። እሷ ሁለተኛውን ስትገልጥ ግን ፊቷ ጠቆረ።

«ይሄኛው ክሮሙ ከተፈቀደው አርባ እጥፍ ነው! ይሄ የኔ በርሜል ውሃ አይደለም። ከየት ነው የቀዱት?»

ጸሐፊዬ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ እንደምታደርገው፣ ከቢሮዬ ቧንቧ የቀዳችውን አንድ ብርጭቆ ውሃ ፊቴ አስቀመጠችልኝ።