የመሪጌታ ዮጋ

የብርጓል ባሏን መጠርጠር የጀመረችው ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን ነው።

ባሏ መሪጌታ አካለ ወልድ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ዜማ ያስተምራሉ። ከቅዳሴ በኋላ በቀጥታ ወደ ቤት የሚመለሱ ሰው ነበሩ። አሁን ግን ይዘገያሉ፤ ሲመጡም ረጋ ብለው፣ ድምፃቸው ለስልሶ ነው። ያልነበራቸውን ጠባይም አመጡ። ውሃ ይቀዱላታል። የጨጓራዋን መድኃኒት ራሳቸው ገዝተው ያመጣሉ። ብድግ ስትል «ተይ፣ አንቺ ተቀመጪ» ይሏታል።

«የበደለ ሰው ነው እንዲህ የሚያባብል» አለች በልቧ።

ጎረቤቷ አመተ ማርያም ደግሞ ጨመረችበት።

«ሕሊና የምትባል ወጣት አለች፤ ከዩኒቨርሲቲው ማዶ የተከራየችው። እሷ ቤት ሲገቡ አይቻለሁ። በሩም ይዘጋል።»

በማግስቱ የብርጓል ራቅ ብላ ተከተለቻቸው። ዳገቱ አልገፋ አላት፤ አጥር እየተደገፈች አዘገመች። ስትደርስ በሩ ተዘግቷል። ከውስጥ የሴት ድምፅ ይሰማል።

«ቀስ ብለው ይሳቡት... አሁን ይልቀቁት።»

በርግዳው ገባች።

መሪጌታ ምንጣፍ ላይ በጀርባቸው ተዘርግተዋል፤ ዓይናቸው ተጨፍኗል። ሕሊና ራቅ ብላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«ምን ጉድ ነው ይሄ?»

መሪጌታ ደንግጠው ተነሡ። ነጠላቸውን አፈፍ አድርገው ወጡ።

«ዮጋ ነው፣ እትዬ» አለች ሕሊና። «ትንፋሽ እያስተካከሉ ሰውነትን ማሳረፍ ነው። ጭንቀት ያቀላል። ሐኪም ነው የላካቸው።»

«ሐኪም?» የብርጓል ቁጣዋ ካፏ ላይ ጠፋ። «መሪጌታ ታመዋል እንዴ?»

ሕሊና አቀረቀረች። «እኔ መናገር የለብኝም።»

የብርጓል እዚያው ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ስትጠረጥራቸው የሰነበተችው ሁሉ አንገበገባት። ለካ ያ ሁሉ ርኅራኄ ስንብት ኖሯል!

«በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ ንገሪኝ! ይሞታሉ? ምን ላድርግላቸው? ምን ይበጃቸዋል?»

ልጅቱ አጠገቧ ተንበርክካ እጇን ያዘቻት። እንባዋ ቀደማት።

«እሳቸው ጤነኛ ናቸው፣ እትዬ። እዚህ የሚመጡት እርስዎ ፊት እንዳያለቅሱ ነው።»