ለቡፌው የሚሆን ኮራል

የይርዳው እናት «የጎረቤት ቡፌ ሁሉ ኮራል ተደርድሮበታል፤ ባዶ እጃችሁን እንዳትመጡ!» ብለው ነበር እሱንና ሚስቱን የሸኙት። እልፍነሽም የአማቷ ነገር ሆኖባት፣ የተሳፈሩባት የሽርሽር መርከብ ቀይ ባሕር ላይ ቆማ መንገደኛው ኮራል ሊያይ ሲጠልቅ፣ አንድ ቀይ ቅርንጫፍ ቀንጥሳ ጡት መያዣዋ ውስጥ ሸጎጠች።

ወደ መርከቧ በሚመልሳቸው ጀልባ ላይ የኮራሉ ጠባቂ መዶሻ ይዞ ቆሟል። በዓለም የቀረው ኮራል ይኸው ብቻ ነውና ቅርንጫፍ የሰበረ ጣቱ ይሰበራል፤ ኮራሉን ግን ይወስደዋል።

«አንድ ቅርንጫፍ ጎድሏል፤ የሰበረው ማን ነው?»

እልፍነሽ ደረቷን በክንዷ ሸፈነች። ባሏ ይርዳው አየት አደረጋትና «እኔ ነኝ» ብሎ ቀኝ እጁን ጣውላው ላይ ዘረጋ። መዶሻው ሲያርፍበት አጥንቱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ተንኮሻኮሸ፤ ደሙ ፊቷ ላይ ተፈናጠቀ።

እራት ላይ በየጠረጴዛው እጁ የታሸገ ሰው ሞልቷል፤ ሚስት ባሏን፣ ልጅ አባቱን ያጎርሳል። እሷም ጠቅልላ ዘረጋችለት።

«ቢያንስ እናትህ ደስ ይላቸዋል» አለችው።

ይርዳው ጉርሻውን ሳይቀበል ፊቱን መለሰ።

«ቀዩንማ ወንድሜ አምጥቶላታል። እኔን ያዘዘችኝ ነጩን ነው።»

ነገ ጠዋትም ጀልባው ወደ ኮራሉ ይሄዳል። እልፍነሽ ጉርሻውን የያዙትን ጣቶቿን አየቻቸው።