የወይዘሪት ከንፈር

መጀመሪያ ሪዙ ቤት ይገባል፤ ሰላምታውን ተቀብሎ ሲጨርስ ባለቤቱ ይከተላል። ሰፈርተኛው ሰውየውን «ጋሼ ሪዝ» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ሥራው ፀጉር አስተካካይ። አናቱ ላይ የቀሩት ጥቂት ፀጉሮች ጥጥ መስለዋል፤ ሪዙ ግን ከሰል ጆንያ ውስጥ አድሮ የወጣ ይመስላል። ደንበኛ ሲደነቅ «ዘር ነው» ይላል። «አባቴ በሰማንያ ዓመቱ ሲሞት ሪዙን ያየ ለቀስተኛ በወጣትነቱ የተቀጨ መስሎት ሁለት ጊዜ ነው ያለቀሰው።»

ታዲያ አማቱ እግራቸውን ሊታከሙ መጥተው እዚያው ከረሙ። የመጡ ዕለት በሩ ላይ ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩትና «እኔ ልጄን የዳርኳት ለጎረምሳ ነበር፤ ይሄን ሽማግሌ ማነው የለወጠብኝ?» አሉ። ጋሼ ሪዝ ሳቀ። ማታ ግን መስታወት ፊት ቆሞ አመሸ።

ድሮ በወር አንዴ ሱቁን ከውስጥ ቆልፎ መቀስ ይስል የነበረው ሰውዬ ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ይስል ጀመር። ሲስል ማንም እንዲያየው አይፈልግም። ሰው ካየው መቀሱ ይደንዛል ባይ ነው።

ነገሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወይዘሪት አመማት።

ወይዘሪት ከጆሮዋ እስከ ጅራቷ ጥቁር የሆነች ድመት ናት። ጋሼ ሪዝ ልጅ የለውም፤ ልጁም አለቃውም እሷ ናት። ጠዋት ጠዋት ደረቱ ላይ ወጥታ ፊቱን በምላሷ ታጥበዋለች፤ ቧንቧው የደረቀ ቀን በዚያው ታጥቦ ሥራ ይገባል። አሁን ከንፈሯ አብጦ፣ አገጯ ቆሳስሎ፣ ለሃጯ እየተንጠባጠበ ሥጋውን አሽትታ ትተወዋለች። የሚስቱም ላይኛው ከንፈር ተሰነጣጥቋል።

«ምች ነው» አሉ አማት። «ሁለቱንም ምች መቷቸው ነው።»

«ድመትን ምች ይመታታል እንዴ፣ እማማ?»

«ምነው፣ አፍ የላትም?»

መድኃኒት ሻጩ «የፕላስቲክ ሳህን የድመት አገጭ ያቆስላል» ቢለው ጋሼ ሪዝ ሳህኗን በብርጭቆ ቀየረ። ወይ ፍንክች! ጎረቤት «ጨው አድርግበት» አለው፤ ቢያደርግባት እጁን እንደ ድንች ልጣ ለቀቀችው።

ሪዙን እያከከ አሰበ፤ ሲያስብ ማከክ ልማዱ ነው። ምግቡን የሚሠራው ማነው? አማት። ወይዘሪት ነጠላቸው ላይ የተኛች ቀን «ወይ እሷ ወይ እኔ!» ያለው ማነው? አማት።

አንድ ቅዳሜ ደግሞ ራት ይዘው ሱቁን አንኳኩ። በሩን በስንጥቅ ከፈተላቸው።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?»

«የመቀስ ዘይት ነው፣ እማማ።»

«እ» አሉ፤ ከዚያ ክንዱን ገፍተው ገቡና ራቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ያን ሰሞን ከሱቁ አንድ ምላጭ ጠፋ፤ ደንበኛ ላይ ፈርዶ ተወው። ያልተወው የአማቱን መሐረብ ነው። ጫፉ ላይ አንዲት ነገር ቋጥረው ከጡታቸው አይለዩዋትም። ሲያያቸው በእጃቸው ይከልሏታል።

መርዝ! አለ በልቡ። እግዚኦ፣ የገዛ አማቴ!

«ነገ ሐኪም ቤት ነን» አላቸው። «ከእጅዎ የወጣ ነገር ከሆነ፣ እማማ፣ ያኔውኑ ዕቃዎን ይዘው ታናሹ ልጅዎ ጋ!»

ሴትየዋ ክው አሉ። ታናሹ ልጅ ቤት ሰባት ነፍስ በአንድ ክፍል ታጭቆ የሚገላበጠው በትእዛዝ ነው፤ አንዱ ካስነጠሰ ስድስቱ ከአልጋ ይወድቃሉ።

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነማ ሪዜን እላጫለሁ!»

ሚስቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል?»

«በሰው ፊት?» አሉ አማት።

«በሰው ፊት!»

በማግስቱ ሦስቱም ወይዘሪትን ይዘው ሲደርሱ የእንስሳት ሐኪሟ ክፍል ውስጥ አንድ የሚያነክስ በግ ከነባለቤቱ፣ አንድ የሚያኮርፍ ውሻም ከነእመቤቱ ተራ ይጠብቁ ነበር። ሐኪሟ የወይዘሪትን ከንፈር ገልባ በባትሪ አየች።

«ጥርሷ ደህና ነው። የኤሌክትሪክ ገመድ ታኝካለች?»

«አታኝክም።»

«ጨው ያደረገባት ማነው?»

ጋሼ ሪዝ ጣሪያውን አየ።

ሐኪሟ ፋሻ ውሃ ውስጥ ነክራ የድመቷን አገጭ ጠረገች። ፋሻው ጥቁር ሆኖ ወጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጥቁር ድመት ናት እኮ» አለ ጋሼ ሪዝ። «ቀለሟ ነዋ።»

«የድመት ቀለም በውሃ አይለቅም፣ ጋሼ። የሚለበልብ ኬሚካል ነው። በየጊዜው የምትልሰው ነገር አለ፤ እሱ ካልቀረ ቅባቱ ዋጋ የለውም።»

ጋሼ ሪዝ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሳ። ውሻው ሳይቀር ደነገጠ።

«ኬሚካል! ሰማችሁ? ሁላችሁም ምስክር ናችሁ! እማማ፣ ያቺን መሐረብ እዚህ ይፍቷት!»

«እፈታለሁ» አሉ አማት ረጋ ብለው። «መጀመሪያ ድመቷን ልቀቂያት፣ ልጄ።»

ሐኪሟ ለቀቀቻት። ወይዘሪት ከጠረጴዛው ዘላ ጋሼ ሪዝ ትከሻ ላይ ወጣች፤ እንደ ጠዋቱ ፊቱን ታጥበው ጀመር፤ አፍንጫውንም ጉንጩንም ትታ ሪዙን ብቻ። ሚስቱ ቀስ ብላ ላይኛውን ከንፈሯን ዳሰሰች።

አማት መሐረባቸውን ፈቱ፤ ምላጭ ነበር።