ሆዱ የተናገረው

ምንይችል ከቀዶ ሕክምናው በፊት አንድ መቶ አርባ ሁለት ኪሎ ይመዝን ነበር፤ ባንድ ማዕድም ሦስት እንጀራ ይጨርስ ነበር። አሁን ሰባ ስድስት ኪሎ ነው። በተቆረጠው ጨጓራው አፍ ላይ የተተከለው መዝጊያ እንጀራ፣ ዳቦ ወይም ሩዝ ሲደርስበት ይዘጋል፤ የሕክምና መሣሪያዎች ሕግ ስለሚያስገድድም መዝጋቱን በድምፅ ይናገራል።

በአባታቸው ቤት ውርስ የተነሣ ለዓመታት ከተኳረፈው ከታላቅ ወንድሙ ከደምሰው ጋር ሽማግሌዎች ያስታረቋቸው ዕለት፣ ደምሰው ዓይኑ እንባ አቅርሮ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለ።

"እንካ፣ ወንድሜ።"

"ጋሼ፣ ሥጋውን ብቻ ብታደርግልኝ…"

"ዕርቅ በባዶ ሥጋ ይሆናል እንዴ? በል ክፈት!"

ምንይችል እንደገና መኳረፍ ስለፈራ ጎረሰ፤ አላምጦም ዋጠ። ከደረቱ ሥር አንድ ለስላሳ የሴት ድምፅ "አልቀበልም" አለ። ጉርሻው ተመልሶ ትሪው ላይ ወደቀ።

"በአባታችን አጥንት፣ ማሽኑ ነው ጋሼ!"

"ማሽኑስ ያለው በማን ሆድ ውስጥ ነው?" ደምሰው ተነሥቶ ኮቱን ለበሰ። "አፍህማ ታርቆኝ ነበር። ሆድህ ግን እውነቱን ተናገረ።"

ሽማግሌዎቹ እየለመኑት ተከትለውት ወጡ፤ አልተመለሰም።

በማግስቱ ሐኪሙ መዝጊያውን መረመረው። ምንም ብልሽት አልነበረበትም፤ መሣሪያው እንደመዘገበው ከጉርሻው ወደ ጨጓራ ያለፈው ዜሮ ግራም ነው።