ከየጠረጴዛው አንድ ሰው

«ይሳቡት እንጂ እትዬ!» ትለኛለች ጮክ ብላ። እስባለሁ። አንሶላው በመሃላችን ይወጠራል፤ አንዴ እናራግፈዋለን፤ ከዚያ ጫፎቹን ይዛ ወደ እኔ ትመጣለች። እጆቻችን ሲገናኙ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እማ፣ መጥቷል» ትላለች።

ዞር ብዬ አላይም። የአለቃው ጫማ እርጥቡ ወለል ላይ ሲጮህ ይሰማኛል። ከበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ጀምሮ እያንዳንዳችንን እየጠየቀ ነው የሚመጣው።

ልጄ ናት። እዚህ ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ግን ይህን ማንም አያውቅም። እሷ በአባቷ ስም ትጠራለች፣ እኔም በአባቴ፤ በስም አንገናኝም። ጠዋት እሷ ቀድማ ትገባለች፣ እኔ የመንገዱ መታጠፊያ ጋ ትንሽ ቆሜ እከተላለሁ። ቦይለር ክፍል የነበሩት ባልና ሚስት በአንድ ቀን ሲባረሩ የተሰጣቸው ምክንያት «ከአንድ ቤት ሁለት ሰው አንፈልግም» የሚል ነበር። እኛን አንድ ጠረጴዛ ላይ ያጣመረን ደግሞ አለቃው ራሱ ነው። «እጃችሁ ይግባባል» ብሎ። እንዴት አይግባባ፤ አንሶላ ማጠፍ የተማረችው ጫፉ ላይ ለመድረስ እየተንጠራራች፣ ከእኔው ጋር ነው።

አሁን ማጠፊያ ማሽን ተገዝቷል። ከየጠረጴዛው አንድ ሰው ይቀነሳል ተብሏል።

«ማሽኑ ሻይ አይጠጣም አሉ» ትላለች ከጎናችን የምትሠራው፣ ሬዲዮ የምንላት ሴትዮ። «ወገቤን አይልም፣ ልጄን አመመው አይልም።»

«አለቃንም አያማም» ትላታለች አብራት የምታጥፈው።

«እንግዲያው እኔን ሊተካ አይችልማ!»

ይስቃሉ። ጫማው ሲቀርብ ሳቁ እንደተዘጋ ቧንቧ ቀጥ ይላል።

ሌላ አንሶላ። እንወጥራለን፣ እናራግፋለን፣ ትመጣለች።

«ትናንት የተነጋገርነውን እንዳትረሺ» እላታለሁ።

«ተይው እማ።»

«ነገርኩሽ። አንቺ ነሽ የምትቆዪው።»

ትናንት እራት ላይ ጨርሰነዋል። አለቃው ከጠየቀኝ «ልጅቷ ትሻላለች» እለዋለሁ። እሷ ወጣት ናት፣ ገና ብዙ ትሠራለች። እኔ እንደ ድሮው ሰው ቤት እየዞርኩ አጥባለሁ። ተቆጣች፣ አለቀሰች፣ በመጨረሻ እሺ አለች። ከሳህን ላይ ቀና ብዬ ስናገረው ቀላል ነበር።

«ማታ ትምህርት አለሽ፣ እንዳትቀሪ» ትለኛለች በሚቀጥለው አንሶላ። ፊደል መቁጠር የጀመርኩት በእሷ ውትወታ ነው። ሳልመልስላት ጫማው ከኋላዬ ይቆማል።

ጫፎቹን እንደያዝን ቀጥ እንላለን።

አለቃው ክፉ ሰው አይደለም። የእሱም ፊት ጠውልጓል፤ ሸሚዙ ብብቱ ሥር ርሷል። ወደ ልጄ አይመለከትም፤ እኔን ነው የሚያየኝ።

«አንቺ ትልቅ ሴት ነሽ፣ አትዋሺኝም» ይላል። «ከሁለታችሁ የትኛዋ ትቆይልኝ?»

አፌን እከፍታለሁ። «ልጅቷ» ልል ነው። ቃሉ ምላሴ ላይ አለ። ድንገት ግን የሰው በር ይታየኛል። የብረት በር፣ ከውስጥ «ማነው?» የሚል ድምፅ፣ «የሚታጠብ አለ?» ብዬ በስንጥቁ የምጠይቀው እኔ። ከዚያ «የለም» ይሉኛል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው በር እሄዳለሁ። ያን ጊዜ ጉልበት ነበረኝ፤ አሁን የለኝም። ላብ በጀርባዬ ይወርዳል። ከማድረቂያው ጩኸት በቀር ምንም አይሰማኝም።

«እኔ» ይላል አንድ ድምፅ። «እኔ እሻላለሁ። እሷ ገና ልጅ ናት፣ እድፍ ያመልጣታል።»

የእኔው ድምፅ ነው።

አለቃው ወደ ልጄ ይዞራል። «እውነቷን ነው?»

ልጄ ዓይኗን ከጨርቁ ላይ አታነሳም። «አዎ፣ እውነታቸውን ነው» ትላለች።

«እንግዲህ...» ግንባሩን ይጠርጋል። «ነገ ጠዋት ቢሮ ብቅ በይ፣ አንቺ ልጅ።»

ወደ እነሬዲዮ ጠረጴዛ ይሻገራል። እጁን ቢዘረጋ ይነካናል። ልጠራው እፈልጋለሁ፤ «ተሳስቻለሁ» ልለው፣ «ልጄ ናት» ልለው። ያን ብል ሁለታችንም እንባረራለን እላለሁ ለራሴ። እውነት ነው። ዝም ያሰኘኝ ግን እሱ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ክምሩ አላለቀም። የያዝነውን እናጥፋለን። ሌላ አንሶላ አነሳለሁ፣ ጫፉን እሰጣታለሁ። እንወጥራለን፣ እናራግፋለን፣ ትመጣለች። ጣቶቿ በርደዋል። የምትለኝን እጠብቃለሁ፤ ስድብም ቢሆን ደስ ይለኛል።  ዓይኗ ግን አውራ ጣቴ አጠገብ ያርፍና እዚያው ይቀራል።

እኔም አያለሁ። ቡናማ እድፍ፣ የሳንቲም ያህል። ሳነሳውም ሳራግፈውም አላየሁትም። አለቃው አንገቱን ወደ እኛ እያዞረ ነው። 

«ውይ፣ ይቅርታ እትዬ!» ትላለች ልጄ፣ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ። «እኔ ነኝ ያላየሁት። አሁንም አመለጠኝ።»

አንሶላውን ከእጄ ትነጥቃለች፣ ደረቷ ላይ ትጠቀልለዋለች፣ እንደገና የሚታጠበው ወደሚከማችበት ቅርጫት ይዛው ትሄዳለች። አለቃው ጀርባዋን እያየ ራሱን ይነቀንቃል።

እኔ እዚያው ቆሜአለሁ። እጆቼ በአንሶላው ስፋት ልክ እንደተዘረጉ ናቸው።