የአንድ እናት ልጆች

ላሪሳ በሩሲያ አውራጃዎች እየዞረች የሰዎችን ምራቅ የምትሰበስበው ከእናት ብቻ ወደ ልጅ የሚወርደውን የዘር ምልክት ለማጥናት ነበር። በሰሜን ባለች አንዲት የገጠር መንደር ግን ያላሰበችው ነገር ገጠማት፤ የወንድማማቾቹ የጌናዲና የቲሞፌይ ምልክት ፈጽሞ አይገናኝም። ለቀረው ሥራ ወደዚያ ስትመለስ ይህን ላትተነፍስ ወስና ነበር።

ጌናዲ ግን ቤት ካስገባት በኋላ በሩን ዘግቶ ፊቷ ተገተረ። የታናሹን ጠባብ ዓይንና ጥቁር ጸጉር ዕድሜ ልኩን በጥርጣሬ ሲያይ የኖረ ሰው ነው።

“ዶክተር፣ እውነቱን ይንገሩን። ይሄ ሰውዬ ወንድሜ ነው?” ሲል ጥግ ወደተቀመጠው ቲሞፌይ ጠቆመ።

“የጥናቱ ውጤት በየግል አይነገርም” አለች። ድምፅዋ ግን ከዳት።

ጌናዲ የፈለገውን ከፊቷ ላይ አነበበ። ወደ ቲሞፌይ ዞሮ፣ “አየህ? ዕቃህን ሸክፍና ከዚህ ቤት ውጣልኝ!” ብሎ ጮኸበት። ቲሞፌይ አመዱ ቡን አለ። ካፖርቱን ከመስቀያው አነሳ። ላሪሳ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ይሄኔ እናታቸው፣ አሮጊቷ ማትሪዮና፣ ከምድጃው አጠገብ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ።

“ጌና፣ የራስህንም ካፖርት አውርድ” አሉ።

“ምን አልሽ፣ እማ?”

“በጦርነቱ ጊዜ፣ ወደዚህ መንደር ሳልመጣ፣ ስደተኞች የጫነ ባቡር በቦምብ ተመታ። እሱን ከሞተች እናቱ እቅፍ ነው ያወጣሁት።” ትንፋሽ ወሰዱ። “አንተን ደግሞ ከሚቀጥለው ፉርጎ። እኔ ወልጄ አላውቅም።”